ስህተትን መሰየም ሰው ማሳመን አይደለም፦ የአንደኛ ዓመቱ የሎጂክ ሞጁል ሲፈተሽ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ተከራካሪው የቀረበውን ሐሳብ ትቶ ተናጋሪውን ሲሰድብ፣ ይሄ ምን ዓይነት ስህተት ይባላል? የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትን ያለፈ ሰው ብዙም ሳያስብ ይመልሰዋል፦ «አድ ሆሚነም!» ጥሩ። አሁን ሁለተኛ ጥያቄ። በአንድ ጉዳይ ላይ ከእናንተ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ሰው አስቡ። ይህ ሰው አንብቦ ሲጨርስ «እንዲህ ከሆነስ ልክ ሳትሆኑ አትቀሩም» የሚላችሁን አንድ ገጽ ጻፉ። እዚህ ጋ ብዙዎቻችን ብዕር ጨብጠን እንቀራለን።

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ስላለው ርቀት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሂሳዊ አስተሳሰብን እንዲያስተምር የተመደበው ሞጁል ለመጀመሪያው ጥያቄ በደንብ ያዘጋጃል፤ ለሁለተኛው ግን አያዘጋጅም። ከወላይታ ዞን፣ ከኪንዶ ኮይሻዋ ቤሌ ከተማ የተነሳች አንዲት ተማሪ አስቡ። ወላይታ ሶዶ ትመደብ፣ ጎንደር ትመደብ፣ ጅማ ትመደብ፣ የሚሰጣት ሞጁል ያው ነው። ስለዚህ ሞጁሉ የሚያስተምረውም የሚያጎድለውም የአገር ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

ሞጁሉ ምን ይዟል?

የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በ2012 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመሩ ከገቡት አንዱ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» ነው። ሞጁሉ የተዘጋጀው በያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው። ስድስት ምዕራፎች አሉት። በፍልስፍና መግቢያ ይጀምራል። ከዚያ የሎጂክ መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ሎጂክና ቋንቋ፣ የሂሳዊ አስተሳሰብ መሠረቶች፣ «ፋላሲ» የሚባሉት የአመክንዮ ስህተቶች እያለ ይቀጥልና በካቴጎሪካል ፕሮፖዚሽን ይጨርሳል።

በቅድሚያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። አራተኛው ምዕራፍ በጣም ጥሩ ነገር ይዟል። ግልጽነት፣ ትክክለኛነት፣ ፍትሐዊነት የሚሉ መለኪያዎችን ያስቀምጣል። የሌላውን ሐሳብ በጠንካራ መልኩ ተረዱለት ይላል። ለተቃራኒው መከራከሪያ መልስ ስጡ ይላል። የገዛ ወገንን ሁልጊዜ ልክ አድርጎ ማየት የማሰብ እንቅፋት እንደሆነም ይነግራል። በዚህ ዘመን እነዚህን ነገሮች ለ18 ዓመት ወጣት መንገር ቀላል ሥራ አይደለም።

ችግሩ እነዚህ ነገሮች እንደ ዝርዝር መምጣታቸው ነው። ተማሪው «ለተቃራኒው መልስ መስጠት» የሚባል መርህ እንዳለ ያውቃል፤ ግን ለማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ዋና በመጽሐፍ ተምሮ ኦሞ ወንዝ ዳር እንደመቆም ነው።

የስም አደን

አምስተኛው ምዕራፍ ከ20 በላይ የአመክንዮ ስህተቶችን በየቡድናቸው ይዘረዝራል። አከፋፈሉ በአሜሪካዊው ፓትሪክ ሃርሊ የሎጂክ መማሪያ መጽሐፍ መንገድ የሄደ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ስህተቱ በውስጣቸው ሆን ተብሎ ተቀምጧል፤ የእናንተ ሥራ ፈልጎ አግኝቶ ስሙን መጥራት ነው።

በእውነተኛው ሕይወት ግን ማንም ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር ተከራክሮ «በሉ ስህተቴን አግኙልኝ» አይልም። እውነተኛ ክርክር ረጅም ነው። ከፊሉ ልክ ነው፣ ከፊሉ ጎደሎ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ያልተነገረ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ያልተነገረው ነው።

የስም አደን ሌላም ጠንቅ አለው። ስሙ ዱላ ይሆናል። በማኅበራዊ ሚዲያ አይታችሁ ይሆናል፦ አንዱ ረጅም ሐሳብ ይጽፋል፣ ሌላው በሁለት ቃል «ስትሮው ማን!» ብሎ ያልፋል። በቃ፣ የተሸነፈ ይመስላል። ግን አንድ ሰው ለሐሳቡ መጥፎ ምክንያት ስላቀረበ ብቻ ሐሳቡ ውሸት አይሆንም። «ነገ ይዘንባል፣ ምክንያቱም አጎቴ ብሏል» ያለ ሰው መጥፎ ምክንያት አቅርቧል። ነገ ግን ሊዘንብ ይችላል። ስህተቱን መሰየም ውይይቱን ይጀምረዋል እንጂ አይዘጋውም።

ከወላይታ የመጣ እውነተኛ ምሳሌ

እስቲ ከሞጁሉ ወጥተን አንድ እውነተኛ ክርክር እንመልከት። ቤሌ ያለ ሰው ወላጆቹን ቢጠይቅ ይነግሩታል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበር። በዞኑ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ በጣም ይቀራረባሉ። የቋንቋ ሊቃውንትም በአንድ የኦሜቶ ቡድን ውስጥ ይመድቧቸዋል። ታዲያ ባለሥልጣናት አራቱን ቀላቅሎ አንድ የትምህርት ቋንቋ የመፍጠር ሐሳብ አመጡ። ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። መጻሕፍት ታትመው ትምህርት ቤት ደረሱ። ወላይታ ውስጥ ግን ሕዝቡ አልተቀበለውም። በ1992 ዓ.ም. በሶዶና በአካባቢው ከባድ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

አሁን የክርክሩን አጽም እናውጣ። እዚህ ላይ የሚረዳን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን ነው። ቱልሚን በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ክርክር ቢያንስ ሦስት ነገር አለው ይላል። አቋም አለ፤ ማስረጃ አለ፤ ከማስረጃው ወደ አቋሙ የሚያሻግር ድልድይ አለ። ድልድዩ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ተናጋሪው ግልጽ ስለሚመስለው ይዘለዋል።

ማስረጃ፦ አራቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ። ይህ እውነት ነው።

አቋም፦ ልጆቹ በአንድ የተቀላቀለ መጽሐፍ ይማሩ።

ድልድይ፦ ቋንቋዎች ከተቀራረቡ፣ የማንም ያልሆነ ቅልቅል ለሁሉም ያገለግላል።

አያችሁ? ማስረጃው እውነት ሆኖ ሳለ የተሰበረው ድልድዩ ነው። ቋንቋ ለአንድ ሕዝብ መልእክት ማስተላለፊያ ብቻ ነው ወይስ ማንነቱም ጭምር? ድልድዩ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አልፎታል። ይሄንን ክርክር ከ20ዎቹ ስሞች በአንዱ ልትጠሩት ትችሉ ይሆናል። ስሙ ግን ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም።

ቆይ፣ እዚህ ላይ ካቆምን እኛም ያው የስም አዳኞች ነን። ለሌላው ወገን ተገቢውን ድርሻ እንስጥ፦ ድልድዩ ሁልጊዜ የማይሠራ ነገር ነው? አይደለም። በያኔዋ ደቡብ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ክሌመንት ዶክ የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1931 እ.ኤ.አ. የሾና ዘዬዎች በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ እንዲጠቃለሉ ሐሳብ አቀረበ። ያ የጽሑፍ ቋንቋ ሥር ሰድዶ እስከ ዛሬ መጽሐፍና ጋዜጣ ይታተምበታል። ግን ሁሉም ደስተኛ አልነበረም። የ2013ቱ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ንዳው የሚባለውን ቋንቋ ከሾና ለይቶ በራሱ ስም ዕውቅና ሰጥቶታል።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ማን ተሳሳተ?» ሳይሆን «ይህ ድልድይ የሚሸከመው በምን ሁኔታ ነው?» ይሆናል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ሲያዩ? ተጠይቀው ሲስማሙ? አንዱ ቀድሞ በራሱ ቋንቋ መማር ከጀመረ በኋላስ? እነዚህን ጥያቄዎች የምታነሳ ተማሪ እያሰበች ነው። የስህተቱን ስም ብቻ የጻፈችው ግን ለፈተና እየተዘጋጀች ነው።

አራት ካርዶች

«እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ባስብ ያው አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንሞክረው። ጠረጴዛ ላይ አራት ካርዶች አሉ። እያንዳንዱ በአንድ ጎኑ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለበት። የሚታያችሁ ይህ ነው፦ ሀ፣ መ፣ 4፣ 7። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሀ ያለበት ካርድ ሁሉ በጀርባው 4 አለበት።» ደንቡ መጠበቁን ለማረጋገጥ የግድ መገልበጥ ያለባችሁ የትኞቹን ነው? ወደ ታች ሳትወርዱ መልሱ።

ብዙ ሰው «ሀ እና 4» ይላል። ትክክለኛው መልስ ሀ እና 7 ነው። ከ4 ጀርባ መ ቢገኝ ደንቡ አይፈርስም፤ ደንቡ ስለ መ ምንም አላለም። ከ7 ጀርባ ሀ ከተገኘ ግን ደንቡ ወደቀ። አእምሯችን የሚደግፈውን ፍለጋ ወደ 4 ይሮጣል፤ የሚያፈርሰውን 7 ይዘለዋል።

የፈተናው መነሻ የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የፒተር ዋሰን ሥራ ነው። ዴቪድ ሞሽማንና ሞሊ ጊል በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ፈተና ሞከሩ። ብቻቸውን ከሠሩት ያገኙት 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አምስት ስድስት ሆነው ከተወያዩት ቡድኖች ግን 75 በመቶው አገኙት። ምን ተለወጠ? ቡድን ውስጥ አንድ ሰው «ቆይ፣ 7ስ?» ይላል። ሌላው መልስ መስጠት አለበት። ምክንያቱን ሲያስረዳ ያልታየው ነገር ይታየዋል።

ፊሊፕ አብራሚና ባልደረቦቹም በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ሂሳዊ አስተሳሰብ ትምህርት የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ሦስት ነገሮች ጎልተው ወጡ፦ ውይይት፣ እውነተኛ ችግር ላይ መሥራት፣ የሚከታተል አማካሪ። ሞጁሉ ግን ተማሪውን ብቻውን ከአጫጭር ምሳሌዎች ጋር ያስቀምጠዋል።

ዱቡሻና በላ ልበልሃ

የሚገርመው ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። በወላይታ ዱቡሻ አለ፤ ሕዝብ ተሰብስቦ የጋራ ጉዳይ የሚያነሳበት፣ ጠብ የሚዳኝበት አደባባይ። በአማርኛ ተናጋሪው አካባቢ ደግሞ በላ ልበልሃ ነበር። ሁለት ተሟጋቾች ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ እየተወራረዱ፣ ሰው ከብቦ እየሰማ ይሟገቱ ነበር። በሁለቱም ቦታ ተናጋሪው የሚመልስለት ሰው ፊቱ ቆሟል። ደካማ ድልድይ ሠርቶ ሳይነካበት ማለፍ ይከብደዋል።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለት ግን አይደለም። በላ ልበልሃ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ይወድ ነበር። ቃል የሚያሳምር ሰው እውነት የያዘውን ዝምተኛ ሊያሸንፈው ይችል ነበር። በአደባባይ የሁሉም ድምፅ እኩል ይሰማ ነበር ማለትም አይቻልም፤ የወጣቱና የሴቶች ድምፅ ከሽማግሌው እኩል ክብደት አልነበረውም። ጽሑፍ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ድምፅ ማጉላት፣ እጅ ማወናጨፍ የለም። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ «ቅድም ያልከው ከዚህ ጋር ይሄዳል?» ብሎ ይፈትሻል። ያቺ የቤሌ ልጅ አደባባይ ላይ ባትናገር እንኳ ጽሑፏ ሊነበብላት ይችላል።

ከበር እስከ በር ምርጫ

ታዲያ ለምን አይጻፍም? መልሱን ከሞጁሉ ውጭም መፈለግ አለብን። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በምርጫ ነው። መግቢያው በር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ መውጫው በር ላይም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በመካከል ያለው ኮርስ ስለ ክርክር ቢያወራም ተማሪው ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ምርጫ ፈተና የሌላውን መልስ መለየት ይለካል፤ የራስን ሐሳብ መሥራት አይለካም።

ሁለተኛው ምክንያት ክፍፍሉ ነው። መጻፍ የእንግሊዝኛ ኮርስ ሥራ ተደርጎ ተመድቧል፤ ማሰብ የፍልስፍና። አንዱ ጋ ሰዋስው ይታረማል፣ ሌላው ጋ ትርጉም ይሸመደዳል። ማሳመን ግን የሁለቱ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ተለያይተው ቤት አልባ ሆኗል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በያኔው የደቡብ ክልል ለረጅም ዓመታት ልጆች እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። የቤሌዋ ተማሪ ቤት ወላይትኛ፣ ከሌላ አካባቢ ልጆች ጋር አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ትናገራለች። «ቢሆንም እንኳ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «እንበልና» የምትልባቸውን የክርክር መገጣጠሚያዎች ጠንቅቃ የምታውቀው በመጀመሪያው ቋንቋዋ ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ሐሳቧ በቃላቷ ልክ ይጠብባል። መጀመሪያ በወላይትኛ ወይም በአማርኛ አርቅቃ፣ ድልድዩን አጥብቃ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ብትሄድ ማን ይጎዳል?

«መምህሩ መቼ ያርመው?»

ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ክፍሉ ትልቅ ነው፤ የአንድ መምህር ክፍሎች ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት ገጽ ያርም ማለት ቀልድ ይሆናል።

ግን ማንም አምስት ገጽ አልጠየቀም። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ተማሪዋ አቋሟን፣ ማስረጃዋን፣ ድልድይዋን ጽፋ ለማይስማማት ጓደኛዋ ትሰጣለች። ጓደኛዋ አንድ አንቀጽ መልስ ይጽፋል። እሷ ደግሞ የመጀመሪያውን አሻሽላ እንደገና ትጽፋለች። መምህሩ የሚያየው ሁለተኛውን ጽሑፍ ሆኖ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለተነሳው ተቃውሞ መልስ ተሰጥቷል?» በሴሚስተር ሦስት ጊዜ ቢደረግ፣ ከ20 ስሞች ዝርዝር የበለጠ ያስተምራል። በነገራችን ላይ ይህ የሞጁሉ አራተኛ ምዕራፍ ራሱ የሚለው ነው። መርሁን ከዝርዝርነት አውጥቶ ሥራ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው። ቦታ ካነሰ የአምስተኛውን ምዕራፍ ስሞች በግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ ማንም አይሞትም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

ሞጁሉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባችሁም። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ።

ወላይታንና ዳውሮን እያዋሰነ በሚፈሰው ኦሞ ወንዝ ላይ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ አለ። ቁመቱ 243 ሜትር ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ያው ኦሞ ወደ ታች ወርዶ ኬንያ ውስጥ በብዛት የተንጣለለውን የቱርካና ሐይቅ ይመግባል፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የእሱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ግድቡ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በከባድ ዝናብ ምክንያት የሐይቁ ውሃ ጨምሮ ዳርቻውን አጥለቀለቀ። ማስረጃው ለማንም ወገን የተመቸ አይደለም።

ግድቡን የምትደግፉ ከሆነ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ግን ለአዲስ አበባ ሰው አትጻፉ፤ እሱ አስቀድሞ ተስማምቷል። ቱርካና ዳር ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ጻፉ። ግድቡን የምትቃወሙ ከሆነ ደግሞ ቤሌ ውስጥ በኩራዝ ላጠናች ተማሪ ጻፉ። ስትጨርሱ የማይስማማችሁን ጓደኛ ፈልጋችሁ ስጡትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ነው ማመን ያቆምከው?» ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ድልድያችሁ ያለበት ነው። እሱን እንደገና ጻፉት።